ጉሬዛችን የት ገባ?

ይድረስ፦ የሕፃናት ክፍላችንን ለዘጋው መሥሪያ ቤት ኃላፊዎች
ግልባጭ፦ ለቴሌቪዥን ጣቢያዎች የልጆች ፕሮግራም አዘጋጆች በሙሉ
ከጅማ

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

ጤና ይስጥልን። የመሥሪያ ቤታችሁን ስም እዚህ ላይ አልጻፍነውም። ራሳችሁን ታውቃላችሁ። እኛ የምንፈልገው መልስ እንጂ ስም ማጥፋት አይደለም። ሦስት ደብዳቤ በመዝገብ ቤት በኩል አስገብተናል። ሦስቱም «ተመርቷል» ተባልን። ወዴት እንደተመራ የሚነግረን ሰው ስላጣን ነው በአደባባይ የመጣነው።

እኛ 11 ነን። ስድስታችን የመዋዕለ ሕፃናት መምህራን ነን። ሦስቱ ወላጆች ናቸው። አንዱ በርጩማ ጠራቢ፣ አንዱ ደግሞ ቴሌቪዥን ጠጋኝ ነው። ለሰባት ዓመት ቅዳሜ ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 እስከ 5 ሰዓት ያቺን ክፍል ከፍተን የሰፈሩን ልጆች ስንሰበስብ ኖረናል። ደመወዝ የለ፣ አበል የለ። የሻይዋም ከኪሳችን ነበረች። ክፍሏ ውስጥ የነበረው ዕቃ ተቆጥሮ የሚያልቅ ነው። አንድ ጀርባው የወጣ አሮጌ ቴሌቪዥን፣ አንድ ዴክ፣ 43 የቪዲዮ ካሴት፣ 12 ትንንሽ በርጩማ፣ አንድ ካርቶን አሻንጉሊት፤ ጉሬዛችንም እዚያ ውስጥ ነበር።

ባለፈው ነሐሴ አንድ ቅዳሜ ስንመጣ በሩ ላይ የማናውቀው ቁልፍ ተንጠልጥሏል። ዘበኛው «እኔ የታዘዝኩትን ነው» አሉን። እውነታቸውን ነው፤ በእሳቸው አንፈርድም። ልጆቹ ዝናብ ላይ ቆመዋል። ካሴቶቹ በማዳበሪያ ታጭቀው ከጣሪያው ጠፈጠፍ ሥር ተቀምጠዋል። የጅማን የነሐሴ ዝናብ ታውቁታላችሁ። አንዱን ካሴት አንስተን ስናዘነብለው ከውስጡ ቡናማ ውኃ ተንጠባጠበ። የአሻንጉሊቱ ካርቶን ግን የለም። እስከ ዛሬም አልተገኘም።

እንግዲህ ቅሬታችን ይህ ነው።

መጀመሪያ፣ «አሮጌ ነው» መባላችን። ከእናንተ አንዱ በቃል የነገሩን ምክንያት ይኸው ነበር። «ይኼን አሮጌ ካሴት አሁን ማን ያያል? ዘመኑ ሌላ ነው» አሉን።

እሺ፣ አሮጌ ነው። ግን ምን እንደነበር እንንገራችሁ።

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው እኔ፣ ልጅነቴ በ1980ዎቹ መጀመሪያ እዚሁ ጅማ ነው። በሰፈራችን ቴሌቪዥን ያለው አንድ ቤት ብቻ ነበር። እትዬ የምንላቸው ሴት ቤት። ቴሌቪዥኑ ዳንቴል ለብሶ ይቀመጣል። ዳንቴሉን የሚገልጡት እሳቸው ናቸው፣ ሌላ ሰው አይነካውም። በሩ ላይ በጣሳ ውኃ ይቀመጥልናል፤ እግሩን ያልታጠበ አይገባም። በጅማ ጭቃ ይህ ትንሽ ሥራ እንዳይመስላችሁ። ትልቁ ልጃቸው ጣሪያ ላይ ወጥቶ አንቴናውን ያዞራል። እኛ ከታች እንጮሃለን። «ትንሽ! ትንሽ! ኧረ አለፈ! መልሰው!» ስክሪኑ ላይ የተበተነው ጤፍ ቀስ እያለ ይጠራና አባባ ተስፋዬ ብቅ ይላሉ።

«ጤና ይስጥልኝ ልጆች!»

እኛም ከመሬት ብድግ ብለን «ጤና ይስጥልኝ!» እንላለን። የሚሰሙን ይመስለን ነበር። ያልተነሳ ልጅ በእትዬ ይገሰጻል። «የዛሬ አበባዎች፣ የነገ ፍሬዎች» ሲሉን ደግሞ እኔ የቡና አበባ ነበር የሚታየኝ። ሌላ አበባ ፍሬ ሲሆን አይቼ አላውቅም ነበራ።

አባባ ተስፋዬ ሣህሉ ባሌ ተወልደው፣ ሴት ተዋናይ ባልነበረበት ዘመን በመድረክ ላይ ሴት ሆነው የተወኑ፣ ኮሪያ ድረስ ሄደው ዘማቾቻችንን ያዝናኑ ሰው ናቸው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ከልጆች ፊት ተቀምጠው፣ ለ42 ዓመት ያህል ከዚያ ወንበር አልተነሱም። ሐምሌ 24 ቀን 2009 ዓ.ም. ሲያርፉ እዚህ ጅማ ውስጥ ያለቀሱ የአርባና የሃምሳ ዓመት ጎልማሶች አውቃለሁ። አንዱ የባጃጅ ሹፌር ነው። «አባቴ ሲሞት እንኳ እንዲህ አልሆንኩም» ብሎኛል። ትንሽ አጋንኗል፤ ግን ገባኝ።

ከ43ቱ ካሴቶች አብዛኞቹ ጠጋኙ ጓደኛችን ከቴሌቪዥን ላይ የቀዳቸው ናቸው። የእሳቸው ተረቶች ነበሩባቸው። የመጨረሻዎቹ ላይ ደግሞ «ፀሐይ መማር ትወዳለች» አለች። ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ በቴሌቪዥን የመጣችው ቀጭኔ። ያቺን ቀጭኔ የወለዷት ወ/ሮ ብሩክታዊት ጥጋቡ ራሳቸው የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነበሩ። ከባለቤታቸው ጋር ሆነው በቤታቸው ጀመሩት። ድምፅዋም የእሳቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ፕሮግራሙ ጃፓን ድረስ ሄዶ ተሸልሟል። አንዲት መምህርት ይህን ሠራች ሲባል እኛ ስድስቱ ምን እንደተሰማን አስቡት። ክፍሏን የከፈትነውም በዚያ ወኔ ነበር።

(እግረ መንገዳችንን፣ «ካሴቶቹ ያለ ፈቃድ የተቀዱ ናቸው» ብላችሁን ቢሆን ኖሮ ቁጭ ብለን እንነጋገር ነበር። ደህና ጥያቄ ነው። ግን ማንም አላነሳውም። የተነሳው ማዳበሪያው ብቻ ነው።)

ሁለተኛው ቅሬታችን የካርቶኑ ነገር ነው። ንብረት ክፍል ሄደን ስንጠይቅ «በሞዴል 19 ገቢ ያልሆነ ዕቃ አናውቅም» ተባልን። በርጩማዎቹ ግን ተቆጥረው ተመዝግበዋል። 12 በርጩማ። እነሱም ገቢ አልነበሩም እኮ! ጠራቢው ጓደኛችን እያንዳንዷን ሦስት እግር አውጥቶ፣ ከአንድ ግንድ ፈልፍሎ፣ ለልጅ ቁመት አሳጥሮ በነፃ የሰጠን ናቸው። ታዲያ በርጩማው በምን ንብረት ሆነ፣ ጉሬዛው በምን ቆሻሻ ሆነ? ሰው ስለሚቀመጥበት ነው መሰለን።

ጉሬዛው ማን እንደሆነ የማታውቁ ትኖራላችሁና ከሥሩ እንጀምር።

ስንጀምር ከኛ በላይ ብልጥ የለም ብለን ነበር። አንዷ መምህርት ሴሳሚ ስትሪት በሚባለው የአሜሪካ የልጆች ቴሌቪዥን ፕሮግራም ላይ ስላለው ትልቅ ቢጫ ወፍ አንብባለች። ከመርካቶ ቢጫ ጨርቅ ገዛን። ሦስት ሌሊት ሰፋን። ቅዳሜ ጠዋት ወፉን ከመጋረጃው በላይ ብቅ አደረግነው። ጸጥ አሉ። ከዚያ አንዱ ከኋላ «ዶሮ ናት!» አለ። ሌላዋ «እንቁላል ትጥላለች?» አለች። አለቀ። ያን ቀን ፊደል የሚባል ነገር አልተነሳም። ሁለት ሰዓት ሙሉ ስለ ዶሮ ዋጋ ስናወራ ዋልን። ልጆቹ የገበያውን ዋጋ ከኛ በተሻለ ያውቁት ነበር።

በሚቀጥለው ሳምንት ወፉን ትተን ጉሬዛ ሠራን። በዙሪያችን ባለው ጫካ ልጆቹ የሚያውቁት እሱን ነዋ። ከጥቁር የወንድ ካልሲ ነው የተሠራው። ጢሙና የጎኑ ጸጉር ነጭ ባዘቶ ነው። አፉ ውስጥ የጫማ ካርቶን አለ፤ ለዚህ ነው ሲናገር ትንሽ የሚንኳኳው። ዓይኖቹ ቁልፍ ናቸው፣ አንዱ ከዩኒፎርም፣ አንዱ ከካፖርት የተነቀለ። ስለዚህ አንደኛው ዓይኑ ከአንደኛው ይበልጣል፣ ሁልጊዜም የተገረመ ይመስላል። ስሙን ልጆቹ ናቸው ያወጡለት። ጋሽ ጉሬዛ። ሲመጣ መጀመሪያ «አካም ቡልተን ኢጆሌ?» ይላል። ቀጥሎ «እንዴት አደራችሁ ልጆች?» ይላል። ሁለቱንም የማይመልስ ልጅ አልነበረም።

አንድ ልጅ ነበር፣ ሁለት ወር ሙሉ ቃል ያልተነፈሰ። አባቱን በቅርቡ ያጣ ነው። እናቱ ትተወዋለች፣ ጥግ ላይ ይቀመጣል፣ ትወስደዋለች። አንድ ቅዳሜ ተነሥቶ መጣ። ጉሬዛውን ጢሙን ያዘው። ሳብ አደረገው። «ኩን ሶባ» አለ። «ይኼ ውሸት ነው» ማለቱ ነው። ጋሽ ጉሬዛም «አዎ፣ ጥጥ ነው፣ ለማንም እንዳትነግርብኝ» ብሎ በኦሮምኛ አንሾካሾከለት። ልጁ ሳቀ። ከዚያ ቀን ወዲያ ዝም በል ብንለውም ዝም አይልም። አያችሁ፣ እኛ የምንፈልገው ካልሲውን አይደለም። ካልሲ ሱቅ ሞልቷል።

ኋላ ስናነብ በቢጫው ወፍ ያፈርነው በከንቱ እንደነበር ገባን። በዚህ የተሰናከልነው እኛ ብቻ አልነበርንም።

የቢጫው ወፍ ፕሮግራም፣ ሴሳሚ ስትሪት፣ አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1969 ጀመረ። በ1973 ጀርመን ሲገባ መጀመሪያ ድምፁን ብቻ ቀይረው አሳዩት። ብዙ ሰው አልተዋጠለትም፤ የባቫሪያ ጣቢያ ጭራሽ አላሳይም አለ። በ1978 ጀርመኖቹ የራሳቸውን ሰፈር ሠርተው ሳምሶን የሚባል ግዙፍ ድብ አስገቡ። ሜክሲኮ ከ1972 ጀምሮ የራሷ አላት። የእነሱ ወፍ አቤላርዶ ይባላል፣ አረንጓዴ በቀቀን ነው። ሆላንድ ሲደርስ ወፉ ሰማያዊ ሆነ፣ ስሙም ፒኖ። ባንግላዴሽ በ2005 ስትጀምር ወፉን ትታ ነብር አመጣች። የቤንጋል ነብር ነዋ ያላቸው። ሃሉም ይባላል። ነብር ሆኖ የሚወደው ዓሣ ነው። ዓሣ የዚያ አገር ማዕድ ነውና የአገሩ ልጅ አይስቅም፣ «እንደኔ ነው» ይላል እንጂ።

ግብፆች እ.ኤ.አ. በ2000 ኮኻ የምትባል ትንሽ ልጅ ፈጠሩ። ሴት ልጅ ትማር፣ የፈለገችውን ትሁን የሚለውን በእሷ አፍ ተናገሩ። ደቡብ አፍሪካውያን በ2002 ካሚን አመጡ። ካሚ ወላጆቿን ያጣች፣ ኤችአይቪ በደሟ ያለባት የአምስት ዓመት ልጅ ናት። በዚያን ጊዜ ከልጆቹ ጋር ስለዚህ ጉዳይ የሚያወራ ሰው ያስፈልጋቸው ነበር። አሻንጉሊቷ አወራቻቸው። ከኩዌት እ.ኤ.አ. በ1979 የጀመረው የዓረቦቹ ፕሮግራም ደግሞ ሌላ ፈተና ገጠመው። የሞሮኮ ልጅና የኢራቅ ልጅ በቤታቸው የሚያወሩት ዓረብኛ አይገጥምም። ስለዚህ ሁሉም የሚጋሩትን የመደበኛውን ዓረብኛ መረጡ።

አንድ ወፍ ይህን ሁሉ አገር ዞረ፤ የቆየው ግን ላባውን የቀየሩለት ቦታ ነው። የጅማው ጉሬዛ የዚህ ቤተሰብ ትንሹ ዘመድ ነበር። ቤተሰቦቹ አያውቁትም። እናንተም አላወቃችሁትም።

ሦስተኛው ቅሬታችን «አሁን ልጆች ስልክ አላቸው» የሚለው መልሳችሁ ነው። አላቸው። የእናታቸው ስልክ አላቸው። ስልኩ ላይ ምን እንዳለ ግን እኛ ነን ሰኞ ጠዋት ክፍል ውስጥ የምናየው።

አንዲት የአምስት ዓመት ተማሪዬ አለች። የየካቲት መጨረሻ ነበር። ያ ሰሞን ጅማ ውስጥ ሰማይ የማያይ ገበሬ አልነበረም። ቡናው እንቡጡ ወጥቶ ሊያብብ ዝናብ እየጠበቀ ነው። አያቷ ቡና አላቸው፤ ማታ ማታ ስለዚሁ ነው የሚያወሩት። ጠዋት ትንሽ ጠብ ጠብ ሲል እኛ መምህራኑ በደስታ ወደ መስኮት ሄድን። ልጅቷ አጠገቤ ቆማ እጇን እያወዛወዘች ምን አለች መሰላችሁ? «ሬን ሬን ጎ አዌይ!» ዝናቡን ሂድ ማለቷ ነው። ጅማ ውስጥ! በየካቲት! አያቷ እንግሊዝኛ አለመስማታቸው በጀ።

ሌላዋ ደግሞ አሳማ ሥላ ቤት ወሰደች። ያቺን ከእንግሊዝ የመጣችውን አሳማ፣ ፔፓን። አያቷ ደብተሩን ገልብጠው መደርደሪያ ላይ አስቀመጡት፣ ለሦስት ቀንም አልከፈቱትም። በዚህ ከተማ በአሳማ ጉዳይ ሙስሊሙና ኦርቶዶክሱ አንድ አፍ ነው። በአሳማዋ ላይ ቂም የለንም። በአገሯ ጥሩ ቤተሰብ አላት፣ ጭቃ ላይ መዝለልም ከኛ ልጆች ጋር ያስማማታል። እኛ የምንለው፣ ወደዚህ ስትመጣ ማን ተቀበላት? ማንም። በቀጥታ ከስልኩ ወደ ልጁ ገባች።

ይህ አዲስ ነገር አይደለም። በ1990ዎቹ ዲሽ ሲመጣ ታናሽ ወንድሜና ጓደኞቹ የዓረብ ቻናል ላይ ተተክለው ይውሉ ነበር። «ካፒቴን ማጂድ» የሚባል ኳስ ተጫዋች ካርቱን ነበር። ኳሷ ከመሀል ሜዳ ተመትታ ጎል እስክትደርስ አንድ ክፍል ያልቃል። ዓረብኛ የሚያውቀው የለም። ቁርዓን ቤት የሄዱት ልጆች ጥቂት ጥቂት ቃል ይለቅሙና ለቀሩት ይተረጉማሉ፤ ያልገባቸውን ከራሳቸው ይጨምራሉ። ወንድሜ እስካሁን ማጂድ የሱዳን ልጅ ነው ብሎ የሚያምን ይመስለኛል። ማጂድ ግን ጃፓናዊ ነው፣ የትውልድ ስሙ ፁባሳ። አንድ ጊዜ ከጣሊያን የመጣ እንግዳ ወንድሜ ስለ ማጂድ ሲያወራ ሰምቶ «ሆሊን ነው የምትለው!» አለው። ስፔን ላይ ደግሞ ኦሊቨር ነው። ሁለት ጎልማሶች፣ ቋንቋ ሳይግባቡ፣ ስለ አንድ ጎል ግማሽ ሰዓት በእጃቸው አወሩ።

ንቧም እንዲሁ ናት። እ.ኤ.አ. በ1975 ጃፓኖችና ጀርመኖች የሠሯት ማያ፣ ዓረብኛ ስትገባ ስሟ «ዜና» ሆነ። እኛ ሰፈር የሚያውቋት «ዜና» ብለው ነው። ያ ሁሉ ማር ባለበት አገር፣ ቀፎ ዛፍ ላይ ተሰቅሎ በሚታይበት አገር፣ ንቧ የራሷ የጅማ ስም የላትም። ይህን ሳስብ ሁልጊዜ ይቆጨኛል። ማን ያውጣላት? ስም የምታወጣው አንዲት ክፍል ነበረች፣ እሷም ተቆለፈች።

አራተኛው አጭር ነው፣ ግን ከሁሉም የሚከብደን እሱ ነው። የድሮው ሁሉ ወርቅ ነበር አንልም። እትዬ ቤት ከአጠገቤ የምትቀመጥ የጎረቤት ልጅ ነበረች። ቤቷ የሚወራው ኦሮምኛ ብቻ ነው። አባባ ተስፋዬ ሲያወሩ እኔ በጆሮዋ እየተረጎምኩላት ነው ያደግነው። ጅቡ ምን እንዳለ፣ ጦጣዋ ምን እንደመለሰች። ሳቁ ለእሷ ሁልጊዜ ዘግይቶ ነው የሚደርሳት። ሁሉም ስቀው ከጨረሱ በኋላ እሷ ብቻዋን ትስቃለች። እትዬም «ይቺ ልጅ ምን ሆነች?» ይሉ ነበር። ጋሽ ጉሬዛ ሁለት ቋንቋ የሚናገረው በእሷ ምክንያት ነው። እሷ ዛሬ ከ11ዳችን አንዷ ናት። ጉሬዛውን እጇ ላይ አጥልቃ የምታናግረውም እሷ ነበረች። ክፍሉ የተዘጋ ቀን ምንም አላለችም። ማዳበሪያውን ተሸክማ ወደ ቤቷ ወሰደችው፤ ካሴቶቹን አንድ በአንድ ፈትታ ቴፑን እንደ ልብስ ገመድ ላይ አሰጣችው። ከ43ቱ ዘጠኙ ድነዋል።

አምስተኛ፣ መልስ አለመስጠታችሁ። ስለዚህ ብዙ አንልም። «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» የሚለውን ስንሰማ ከረምን። ስብሰባው ያልቅ ይሆናል።

አሁን ወደ ጥያቄያችን።

ክፍሏ ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 እስከ 5 ሰዓት ብቻ ትከፈትልን። በሳምንት ሁለት ሰዓት ነው። የቀረውን ጊዜ የተሰበረ ወንበር ታስቀምጡባት፣ አንጣላም። ወንበሮቹን ቅዳሜ ጠዋት ራሳችን አውጥተን ስንጨርስ ራሳችን እንመልሳለን። በርጩማዎቹ የመሥሪያ ቤቱ ንብረት ሆነው ከቀሩም እሺ፤ ልጆቹ ግን ይቀመጡባቸው። ቀጥሎ፣ በነሐሴ ከዚያ ክፍል ምን እንደወጣ፣ በማን ትእዛዝ እንደወጣና ወዴት እንደተወሰደ በጽሑፍ እንዲነገረን እንጠይቃለን። ካሳ አንጠይቅም። ወደ ፊት የልጆች የሆነ ነገር ከመጣሉ በፊት ልጆቹን የሚያውቅ አንድ ሰው ይጠየቅ። ጥያቄው ይህን ያህል ነው።

ለቴሌቪዥን ጣቢያዎች የልጆች ክፍሎችም ሁለት ቃል አለን። መጋዘናችሁ ውስጥ ያሉትን የድሮ የልጆች ፕሮግራሞች አውጡና አሳዩ። እኛ በዴክ የቀዳነው ዝናብ ሲመታው ይጠፋል፤ እናንተ ዘንድ ያለው ግን ሊድን ይችላል። ከውጭ ካርቱን ስትገዙ ደግሞ ድምፁን ብቻ ለውጣችሁ አትመልሱት። ስሙን፣ ምግቡን፣ ዘፈኑን የመቀየር ፈቃድ አብራችሁ ጠይቁ። ጀርመኖች አምስት ዓመት ፈጀባቸው፤ እናንተ ከእነሱ ተምራችሁ ማሳጠር ትችላላችሁ። ድምፅ ስትፈልጉም ከአዲስ አበባ ውጭ ያለ ልጅ ፈልጉ። አማርኛውንም ኦሮምኛውንም እንደ ውኃ የሚጠጡ ልጆች እዚህ ጅማ ሞልተዋል። መምጫው 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ቡናውን እኛ እናፈላለን።

ዘጠኙን ካሴቶች ወደ ፍላሽ ማስገልበጥ ጀምረናል። የሚያይበት ክፍል ከተገኘ ለመጀመሪያው ቅዳሜ ዝግጁ ነን።

በመጨረሻ፣ ካርቶኑን ያየ ወይም አሁን በእጁ ያለ ሰው ካለ ምልክቶቹን እንንገር። ካርቶኑ የዘይት ካርቶን ነው፣ በአንድ ጎኑ በሰማያዊ ስክሪብቶ «አትክፈቱ፣ ተኝቷል» የሚል የልጅ ጽሑፍ አለበት። ውስጡ አንድ ቢጫ ወፍ አለች፤ እሷን ዶሮ ናት ብሎ የወሰደ ካለ ይውሰዳት። ጉሬዛው ግን ጥቁር ነው። ከጀርባው በቀይ ክር የተሰፋ ስፌት አለ፣ ልጆች ሲጓተቱበት ተቀዶ ነው። ጢሙ በቀኝ በኩል ሳሳ ብሏል። ዓይኖቹ አይመሳሰሉም፣ ትልቁ ግራው ነው።

ከአክብሮት ጋር፣

የሰፈሩ ሕፃናት ክፍል የቀድሞ በጎ ፈቃደኛ መምህርት
ስለ 11ዳችን፣ ጅማ